የግሶች ሣጥን

መምህሩ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ አናጢ ቤት የገቡት ሣጥን ለማሠራት ነበር። ሣጥኑ ጠንካራና ቁልፍ ያለው እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ የሚቀመጥበት አርባ ዓመት የለፉበት መዝገብ ነውና። በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ሺህ አንድ መቶ የእንግሊዝኛ ግሶች በቀይ ቀለም፣ ፍቺያቸውም በጥቁር ቀለም ትይዩ ተሰልፈዋል። ሰፈሩ ሰውየውን “መዝገበ ቃላት” ይላቸዋል፤ እሳቸውም በስሙ ይኮራሉ።

መላጊያ ይዛ ያጎነበሰችው አናጢ ቀና አለችና ሰጋቱራውን ከፊቷ ጠረገች።

“መምህር! አላወቁኝም?”

“ላስታውስሽ አልቻልኩም፣ ልጄ።”

“‘ጭንቅላትሽ ግንድ ነው’ ብለው ከክፍል ያስወጡኝ ነኛ! ከሠላሳ ግስ አራቱን ብቻ የመለስኩት። እውነትዎን ነበር መሰለኝ፤ ይኸው ከግንድ ጋር ቀረሁ።”

መምህሩን ሳል ያዛቸው። የልጅ ልጃቸው ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

“አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል? ፈተናሽን ብታስቢ አይሻልም?” አሏት።

ፈተናው የነርስነት ትምህርት ቤት መግቢያ ነው፤ በቃል፣ በእንግሊዝኛ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው የመጨረሻዋ ሲሆን የቀራት አሥራ ስድስት ቀን ነው። መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች፤ ፈታኞች ፊት ስትቀመጥ ግን ድምፅ የላትም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባል የለ? መምህሩ ይህን ስንፍና ይሉታል። ስንፍና! ያልተማረ ሰው ልጅን ቢሰድብ “አያውቅም” ተብሎ ይታለፋል። በገዛ ዘዴው ምላሷን ያሰረ መምህር መልሶ “ሰነፍ” ሲላት ግን ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው እሱ ራሱ ምላስ የለውም።

በዚህ መሐል ከጓዳ አንድ ሠራተኛ “ጊቭ ኢት ቱ ሚ!” ብሎ ጮኸ። ሌላው መዶሻውን አቀበለው። “ፑት ኢት ኦን ዘ ቤንች” ሲባል ደግሞ መዶሻው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። መምህሩ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው።

“እነዚህ ከየት ተማሩት?”

“ያሠለጠነን ሰው የእኛን ቋንቋ አያውቅም ነበር። ሦስት ዓመት አብሮን ሠርቶ ወደ አገሩ ሄደ። ቋንቋው ከመዶሻው ጋር እዚሁ ቀረ፤ እኛም እንዳይዝግብን ሥራ ላይ እናውለዋለን።”

“ይኼማ የገበያ እንግሊዝኛ ነው! ሰዋስው የት አለበት?”

አናጢዋ መላጊያዋን አስቀመጠች። “እስቲ ይንገሩኝ መምህር፣ በእኛ ቋንቋ ‘ሰጠችኝ’ ስል ስንት ሰው አለ?”

“ሰጪዋ አለች፤ ተቀባይዋም አንቺ አለሽ።”

“በአራት ፊደል ውስጥ! የእኛ ግስ ልጆቿን አዝላ የምትሄድ እናት ናት። የእነሱ ግስ ግን አታዝልም፤ ልጆቿን በእግራቸው ታስከትላለች። ‘ጊቭ’ ከፊት ትቀድማለች። ‘ኢት’ ቀሚሷን ይዞ ይከተላታል፤ ‘ቱ’ ደግሞ ‘ሚ’ን እየመራ ከኋላ ይመጣል። እርስዎ ያሳዩን እናቲቱን ብቻ ነጥለው ነበር። መንገድ ላይ ከነልጆቿ ብናገኛት በምን እንወቃት?”

መምህሩ “ሰጠችኝ” አሉ በለሆሳስ፤ ደገሙትም። ስልሳ ስምንት ዓመት የተናገሩባት ቃል ያን ያህል ሰው አዝላ እንደምትኖር ያን ጊዜ ገና አዩ።

“በመዝገብዎ ‘ሉክ’ ምንድን ነው?”

“አየ” አሉ ሳያመነቱ።

“‘አት ሂም’ ሲከተላት ‘ተመለከተው’ ትሆናለች። ‘ፎር ሂም’ ሲከተላት ‘ፈለገው’። ‘አፍተር ሂም’ ሲከተላት ግን ‘ተንከባከበው፣ ጠበቀው’።”

ልጅቷ ድንገት ብድግ አለች። “ይኼ የነርስ ሥራ እኮ ነው! ማየት፣ መፈለግ፣ መንከባከብ… ሙያዬ በሙሉ ከአንዲት ግስ ኋላ ተሰልፎ እኔ አላየሁትም?”

“እንግዲያው ሁለት ሺህ ግስ በሃያ መስተዋድድ ይባዛላ! ማን ይችለዋል?” አሉ መምህሩ፤ ቁጣቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

“ማባዛት ምን አመጣው? ሕፃን አፉን የሚፈታው አባዝቶ ነው? እጁን ዘርግቶ ነው እንጂ! ይሞክሩት። ይህን መዶሻ በእንግሊዝኛ ይጠይቁኝ።”

መምህሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግሶቹ በቀይ ቀለም ተሰልፈው ታዩዋቸው፤ አንዷም ከሰልፉ አልወጣችም። አናጢዋ መዶሻውን እንደያዘች ጠበቀቻቸው፤ አልሳቀችም።

“አርባ ዓመት አስተማርኩ” አሉ በመጨረሻ። “በእንግሊዝኛ ግን ማንንም፣ ምንም ጠይቄ አላውቅም።”

“አባባ” አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ “እኔንም ፈታኞቹ ፊት የሚይዘኝ እንዲሁ ነው።”

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋት። “ስንፍና ነው ብዬሽ ነበር።”

“ብለውኛል።”

“ይቅር በይኝ፣ ልጄ።” ከዚያም እጃቸውን ዘረጉ። “ጊቭ… ኢት… ቱ ሚ።”

መዶሻው መዳፋቸው ላይ አረፈ። ከበዳቸው። ቃል ክብደት እንዳለው ያን ቀን አወቁ፤ ከመደነቃቸውም የተነሣ መዶሻውን መመለስ ረስተው በር ድረስ ይዘውት ሄዱ።

በቀሩት ቀናት መዝገቡ አልተከፈተም። መምህሩ አልጋ ላይ ለልምምድ በሽተኛ መስለው ተኙ፤ ልጅቷ አስታማሚ ሆነች። ውሃውን ወደ እኔ አምጪው፣ ትራሱን ከራሴ ሥር አድርጊው፣ ብርድ ልብሱን ከላዬ አንሺው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ከበሽተኛም ነዝናዛ በሽተኛ ወጣቸው።

“እንደ እርስዎ ያለውን ካስታመምኩ ፈታኝ አያስፈራኝም” አለች ልጅቷ ትራሱን ለሰባተኛ ጊዜ እያስተካከለች።

የፈተናው ቀን መምህሩ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሏል። ፈታኙ ሲጠይቅ ሰሙ። ዝምታ ሆነ። ያንን ዝምታ ያውቁታል። ሳያውቁት መዳፋቸውን ዘረጉ። ያኔ የልጅቷ ድምፅ፣ መጀመሪያ ቀጭን፣ ቀጥሎ ጠንካራ ሆኖ መጣ፤ “አይ ዊል ሉክ አፍተር ሂም።” ከዚያ በኋላ ድምፁ አልቆመም።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ሁለቱም አናጢዋ ዘንድ ሄዱ። የልጅቷ ስም ከተለጠፉት አራተኛው ነው።

“‘ጭንቅላቷ ግንድ ነው’ አላሏትም?” አለች አናጢዋ።

“ግንዱ የእኔ ነበር። አንቺ ላግሽው” አሏት።

ሣጥኑ ተወልውሎ፣ ቁልፉ ተገጥሞለት ጠረጴዛው ላይ ነበር። መምህሩ ከከረጢታቸው ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ፋሻ፣ ትንሽ ደወልና ኳስ አውጥተው አንድ በአንድ ጨመሩበት። መዝገቡ ከሁሉም ሥር ገባ፤ ፊደል የጠፋበት ተማሪ ያየዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የማታ ክፍላቸውን ሲከፍቱ ሣጥኑ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ተማሪው ዕቃ እየጠየቀና እያቀበለ ይማራል።

ጥቅሙን ለሚጠራጠር ይኸው እንናገር። ቃልን ከነተከታዮቹ፣ ከእጅ ሥራ ጋር የተማረ ልጅ ሲጠየቅ አይደነግጥም፤ ማስታወሻው እጁ ላይ ነውና። ዓይን አፋሩ ይናገራል። መርሳት የለመደውም ግንድ ተብሎ አይባረርም። መምህርም ከተማሪው እኩል እጁን ይዘረጋል፤ የገዛ ቋንቋውንም እንደ አዲስ እያየ ይደነቃል። ይህን ሁሉ አውቆ አሁንም “ሠላሳ ግስ ሸምድዳችሁ ኑ” የሚል ቢኖር፣ የሚያድነው ክብሩን እንጂ ልጆቹን አይደለም።

አናጢዋ የሣጥኑን መክፈቻ ለመምህሩ አቀበለቻቸው። አልተቀበሏትም። በጣታቸው ሣጥኑ ላይ የተገጠመውን ቁልፍ አመለከቱና ጮክ ብለው፣ ሳይንተባተቡ፣

“ቴክ ኢት ኦፍ!” አሉ።

አናጢዋ የብሎን መፍቻዋን አንሥታ ቁልፉን ነቀለችው።