እብጠት የወንድ ልጅ ምልክት አይደለም

በደሴታችን አስተማሪ ነኝ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ወደ ዋናው ምድር የሚሻገረውን ጀልባ ልሳፈር ስወርድ፣ ወደቡ ላይ ሁለት አዋላጆች ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛዋ የመንደራችንን እኩሌታ ያዋለዱት እማማ ኢሉሚናዳ፣ ሌላዋ ተምራ የመጣችው ነርስ አናሊን ናት። በመካከላቸው የአሮጊቷ ምራት ማርቪክ ግንባሯን ይዛ ተቀምጣለች፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እግሯ ክፉኛ አብጧል።

«እማማ፣ የደም ግፊቷ መቶ ሰባ በመቶ አሥር ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ትሻገር።»

«እብጠቱማ የወንድ ልጅ ነው! እኔስ በወንዶቹ ጊዜ ዱባ አልመሰልሁም? ደግሞ አንቺ ስንት ወልደሽ ነው የምትመክሪኝ?»

«አልወለድሁም። እርስዎ ግን እጅዎ ላይ የሞተች እናት የለችም?»

አሮጊቷ ተነሡ፤ ወዲያ ወዲህ አሉ። «ሁለት ናቸው። አንቀጠቀጣቸውና ሞቱ። የባሕር መንፈስ መታቸው።»

«አብጠው አልነበረም? ራሳቸውን አላመማቸውም?»

ባሕሩ እየሸሸ ነው፤ ጀልበኛው «ውሃው ሳይጎድል እንሂድ!» እያለ ይጮኻል።

ያን ጊዜ ማርቪክ አንገቷን ደፍታ፣ «ልጅ ሳለሁ ኩላሊቴን ታምሜ ነበር። ‹ልጄ በሽተኛ አገባ› እንዳይሉ ብዬ ደበቅሁዎት» አለች።

አናሊን የሽንት መመርመሪያዋ አልቆባት ነበር። ከወደቡ ምግብ ሻጭ እሳትና የኮኮናት ኮምጣጤ ለምና፣ የማርቪክን ሽንት በብልቃጥ አሞቀችው፤ ኮምጣጤም ጠብ አደረገችበት። ሽንቱ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ።

«ይኸው ፕሮቲን፣ እማማ። ኩላሊት ማስቀረት ሲገባው ያፈሰሰው ነው። ግፊቱ እሷንም ጽንሱንም እየጎዳ ነው።»

እማማ ኢሉሚናዳ ብልቃጡን ደጋግመው አዩት። «እነዚያን ሁለቱን… እግራቸውን በዘይት ሳሽላቸው ነበር» አሉ። ወዲያው ወደ አናሊን ዞረው፣ «ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ? ደግፊያት እንጂ!» ብለው ምራታቸውን ወደ ጀልባው ጎተቱ።

ሐኪሞቹ ግፊቱን አበረዱላት፤ መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒትም ሰጧት። በአሥረኛው ቀን ግን ሕፃኗን ያለጊዜዋ ማውጣት ግድ ሆነ። ትንሽ ብትሆንም ተረፈች፤ እናቲቱም ዛሬ ኩላሊቷን በሐኪም እያስከታተለች አለች። ለክፉ ያልሰጣት፣ ችግሩ ከመንቀጥቀጡ ቀድሞ መታወቁ ነው።

አሁን እማማ ኢሉሚናዳ ሆድ ከመዳሰሳቸው በፊት፣ «ግፊትሽ ተለካ? ሽንትሽ ታየ? ኩላሊት ታመሽ ታውቂያለሽ?» ይላሉ። ያልተመረመረችውን ራሳቸው እጇን ይዘው አናሊን ዘንድ ያደርሳሉ።

አንዷ «ምንም አላመመኝም እኮ» ስትላቸው ደግሞ፣

«እነዚያ የሞቱብኝም እንደዚሁ ይሉኝ ነበር» ይሏታል።