ሦስቱ ቤቶች

ቆላ ውስጥ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ፤ የግሬደር ኦፕሬተሩ ጓንጉል በሚኖርባት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል፣ ሳትጠራ ከመሀል ሜዳ ከተማ ዛሬ ከተፍ ያለችው ሚስቱ የሻረግ ሻንጣዋን እንኳ ሳታሳርፍ ሙግት ገጥማዋለች።

የሻረግ፦ ሦስት ናቸው አልኩህ! ቆጥሬያለሁ።

ጓንጉል፦ ምኖቹ?

የሻረግ፦ ቤቶችህ ናቸዋ! አንዷ ወንዝ ዳር፣ አንዷ ግራሩ ሥር፣ ይቺ ደግሞ ገበያው ዳር። በስልክ በአፍህ የነገርከኝ ነው። ሦስት ቤት ካለ ሦስት ሴት አይጠፋም፤ መቼም ድስት የምታጥበው አንተ አይደለህም።

ጓንጉል፦ የሻርዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።

የሻረግ፦ የት? አልጋው ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ግድግዳ ይነካል። ይቺ የማናት? የዘበኛው?

ጓንጉል፦ የ... እንግዳ ማረፊያ ናት።

የሻረግ፦ እንግዳው ቆሞ ነው የሚያድር? አትቀባጥር! ያንን በስልክ ያወራህልኝን፣ በረንዳ ያለው ሰፊ ቪላ አሳየኝ።

ጓንጉል፦ በረንዳውን ረግጠሽው ነው የገባሽ።

የሻረግ፦ ብሎኬቷን?

ጓንጉል፦ እሷን።

የሻረግ፦ ወይ ጉድ! ስማ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይርዳው የንስሐ አባቴን ይዞ በኋለኛው አውቶቡስ እየመጣ ነው። እዚሁ ገበያው ዳር ጠብቂን ብለውኛል። በዓይኔ አይቼ ከመሰከርኩ ዛሬውኑ ተፋትተን፣ ሻንጣዬን አሸክሜያቸው እመለሳለሁ።

ጓንጉል፦ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ።

የሻረግ፦ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው! በጥር ስደውል፣ "ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮቴ ገብታ ትቀሰቅሰኛለች" አላልከኝም?

ጓንጉል፦ ብያለሁ።

የሻረግ፦ በየካቲት ደግሞ፣ "ፀሐይ ስትጠልቅ በመስኮቴ እያየሁ አንቺን አስባለሁ።" እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ! በኋላ ጎረቤቴ ናት ያነቃችኝ። አንድ መስኮት እንዴት አድርጎ ነው መውጫዋንም መጥለቂያዋንም የሚያየው?

ጓንጉል፦ ዞሮ ነዋ!

የሻረግ፦ ማን?

ጓንጉል፦ ቤቱ።

የሻረግ፦ ቤቱ ዞረ።

ጓንጉል፦ ጎማ አለው፣ የሻርዬ። መንገዱ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ካምፑም ይከተላል። ገልባጭ መኪና ይመጣና ቤቴን እንደ ተሳቢ ጎትቶ ሌላ ቦታ ያቆማታል። ወንዙ ዳርም የነበረችው ይቺው፣ ግራሩ ሥርም ይቺው!

የሻረግ፦ የወንድ ውሸት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ቅምጡን ለመደበቅ ብሎ ቤት የሚያስኬድ ግን ዛሬ ገና አየሁ። እመብርሃንን! ቤት ሲሄድ በዓይኔ ካላየሁ...

ጓንጉል፦ ያዢ! ድስቱን ያዢው!

የሻረግ፦ ምንድን ነው? ኧረ ኡኡ! ዛፉ እየሄደ ነው!

ጓንጉል፦ ዛፉማ ቆሟል፤ የምንሄደው እኛ ነን። ካምፑ ዛሬ እንደሚነሳ በአንቺ ጭቅጭቅ ረስቼው! ሹፌሩም ሰው መኖሩን አላየም።

የሻረግ፦ አስቁመው! እወርዳለሁ!

ጓንጉል፦ በምን? በረንዳችን ወደ ኋላ ቀርቷል። ይልቅ ድስቱን በእግርሽ ደግፊው፤ በርበሬውን እኔ ይዣለሁ።

የሻረግ፦ ጓንጉል... እውነትም ይሄዳል!

ጓንጉል፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል።

የሻረግ፦ አትተርትብኝ! ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?

ጓንጉል፦ አፍሬ ነዋ። ጋሼ ይርዳው በሠርጋችን ዕለት፣ "ቤት ለሌለው እህታችንን ሰጠን" ብሎ በሰው ፊት አዋርዶኛል። እንዲህ ተብዬ፣ እኩለ ቀን ላይ ዳቦ ሊጋገርባት የምትደርስ ሣጥን ውስጥ ነው የማድረው ልበልሽ? ናፍቀሽኝ ነይ ማለት አቃተኝ። ነይ ብዬስ፣ እግርሽን የት ትዘረጊዋለሽ?

የሻረግ፦ እኔ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ከሦስት ሴት ጋር በሐሳቤ ስማታ ነው የመጣሁት። አንዷማ ረዥም ነበረች፤ ፈርቻት ነበር።

ጓንጉል፦ ማንም የለም። ካንቺ በቀር እዚያች ብሎኬት ላይ የወጣች ሴት የለችም።

የሻረግ፦ ዝም በል፣ እንዳታስለቅሰኝ። ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!

ጓንጉል፦ ደግሞ ምን ሆንሽ?

የሻረግ፦ ጋሼ ይርዳው! አባም! ይኼኔ ገበያው ዳር ደርሰዋል።

ጓንጉል፦ እዚያማ አሁን ቤት የለም።

የሻረግ፦ እኔም የለሁ!

ጓንጉል፦ ብሎኬቷን ያገኛሉ።

የሻረግ፦ አባ እያማተቡ ይዞሯታል። ጋሼ ይርዳው ደግሞ፣ "ቤቱን ነቅሎ እህቴን ይዞ ጠፋ!" ብሎ አገሩን ይያዝልኝ ነው የሚለው።

ጓንጉል፦ ጉድ ፈላ! በይ ስልኩን አቀብዪኝ፤ ደውዬ ያለንበትን ልንገረው።

የሻረግ፦ ወዲያ በል! በሽማግሌ አስለምነህ፣ ጥሎሽ ጥለህ፣ ጋሼ ይርዳው መርቆ ነው የሰጠህ። ይዞኝ የሚጠፋ ወንድ አገኘሁ ስል ደግሞ ልታስይዘኝ ነው? ስልኩን ላጥፋውና ይፈልጉን!