የሆኪ ተጫዋቹ እናት

ሮማ ከተማ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ቶር ፒኛታራ ሰፈር በሚሄደው ትራም ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ጠና ያሉ እናትና አንዲት ወጣት በአማርኛ ያወራሉ።

«እትዬ ዘነበች፣ የልጅዎ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ፈረመ። ከእንግዲህ ሆኪ ተጫዋች ነው፤ በደመወዝ።»

«ያ በበረዶ ላይ በዱላ የሚደባደቡበት?»

«አዎ። ያሠሪዬን ልጆች እየተከተለ ሄዶ ለመደው። ይኸው ፔርሜሶውም፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በሱ ታደሰ።»

«ከብሔራዊ ውትድርና አስመልጠው አምጥተው ለዱላ ዳረጉት?»

«ሁለት ጥርሱም ወልቋል።»

«ይህን እየነገሩኝ ይስቃሉ?»

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? እኩዮቹ የትኛው ግንባር እንዳሉ እናቶቻቸው አያውቁም። የኔው ጨዋታው ሲያልቅ ከመታው ልጅ ጋር ተጨባብጦ፣ ለኔ ደውሎ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል።»

«በየትኛው ጥርሱ ነው የሚበላው?»

«በቀሩት።»

ትራሙ እስኪቆም ድረስ ጥርሶቼን በምላሴ አንድ በአንድ ስዳስስ ነበር።