የአደራዋ ኤሊ

ጣሊያን በወጣ ሰሞን፣ በኅዳር ብርድ፣ ከኲሓ ወደ መቀሌ በጭነት መኪና ስንሄድ፣ አንድ የወሎ ነጋዴ አጠገቡ የተቀመጡትን እናት ሣጥን አየ።

«ኣደይ፣ ጋቢ የለበሰው ምንድን ነው?»

«ኤሊ ናት። ጎረቤቴ ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ አደራ ብሎ ሰጠኝ።»

«ኤሊ ጋቢ ትለብሳለች?»

«ብርድ ከመታት እህል አትቀምስም። ገለባ ጎዝጉዤ፣ ድንጋይ አሙቄ በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባላታለሁ።»

«ጋቢው የማን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«እሳቸውን አይበርዳቸውም?»

«እሱማ ሲበርደው ይጮኻል። እሷ በምን አፏ ትናገር?»

«አሁን ወዴት ይወስዷታል?»

«እንዳ ኢየሱስ ሰፈር፣ እህቴ ቤት። ባለቤቴ ድንጋይዋን ሰርቆ እግሩን ሲያሞቅ ያዝኩት!»

እኔም ፀሐይ ካገኘችው ቦታዬ ቀስ ብዬ ተነሣሁና ለሣጥኑ ለቀቅሁለት።