ሰማይ ላይ ናቸው

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከሥራ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ፣ ቤተሰብ ሁሉ ጠርታችሁ በጡረታ ስለምትሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። ንግግር አልችልበትም፤ ደግሞም ደክሞኛል። የከባድ መኪና ጣሪያ ላይ ስወጣና ስወርድ አረጀሁ እኮ!

ለእንግዶቻችን ሥራዬን ላስረዳ። በየመኪናው ጣሪያ ላይ ሞደም የሚባል መልእክት መላኪያ እገጥማለሁ። የሞባይል ኔትወርክ ባለበት፣ መኪናው የደረሰበትን ቦታና የሾፌሩን መልእክት በዚያው ይልክልናል። ኔትወርክ ሲጠፋ ራሱ ወደ ሳተላይት ይዞራል። እኛ ቤት የመጀመሪያው "መሬት ላይ ነው" ይባላል፤ ሁለተኛው "ሰማይ ላይ ነው"።

አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? ዘፋኙ የምንለው ሾፌራችን፣ ያው እዚያ ጥግ የሚስቀው፣ መኪናው በረሃ መሀል ተሰበረበት። ባለቤቱ ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳው አዲስ ተቀጣሪ ነበር።

"ልጄ፣ ባለቤቴ የት ደርሶ ይሆን?"

"አይዞዎት እትዬ፣ እሳቸውማ ሰማይ ላይ ናቸው።"

እሪታዋ ግቢው ድረስ ተሰማ! ሮጬ ስልኩን ነጥቄ "ኧረ በሕይወት አለ!" ብላት ማን ይስማኝ? ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያለቅስ ጀመር። በማግስቱ ዘፋኙ ከበረሃ ወጥቶ "እኔ ነኝ" ብሎ ቢደውልላት፣ "በሰው ሐዘን ትቀልዳለህ?" ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ያ ተቀጣሪ ማን እንደነበር አልናገርም። ያኔ "አንተ" እለው ነበር፤ ዛሬ "እርስዎ" ይባላሉ።

ሳቁ ይብቃን። ያን ቀን ዘፋኙ ውሃ አልቆበት ነበር። "ውሃ የለኝም" የሚለው መልእክቱ በሳተላይት ባይደርሰን ኖሮ ዛሬ ከሚስቱ ጎን አይቀመጥም። እዚያ በረሃ አሁንም አንድም የኔትወርክ ምሰሶ አልተተከለም።

ታዲያ በቅርቡ "ወጪ በዛ፤ የሳተላይቱ ክፍል ከሁሉም መኪና ይነሳ" የሚል ትእዛዝ መጣ። ከከተማ መኪኖች ላይ አነሳሁ፤ እዚያ ምን ያደርጋል? የበረሃውን መስመር መኪኖች ግን አልነካሁም። እጄ እምቢ አለኝ። "ጨረስክ?" ስባል "እየሠራሁ ነው" እያልኩ ለዛሬ ደረስኩ። አሁን ብታባርሩኝም ቀድሜያችሁ ወጥቻለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ነገ ሌላ ሰው መፍቻ ይዞ እነዚያ መኪኖች ላይ ይወጣል። እባክዎ አያስወጡት። ያዘጋጃችሁልኝ ስጦታ ይቅርብኝ፤ ይህን ብቻ ስጡኝ። ፈርቻለሁ። እነዚህ ልጆች በረሃ ላይ የሚጣሩበት አጥተው፣ እኔ ቤቴ ብተኛ ምን ዕረፍት ይባላል?

ባልደረቦቼ፣ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። የወጣው ሁሉ በሰላም ይግባ፤ በር በሩን የሚያይ ልጅ አባቱን ይይ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣችሁ፤ ከእኔ የተሻለ ዘመን ይግጠማችሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የኔ ንግግር አልቋል። መልስዎን እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሽማግሌ ነኝና ብዙ አያስቆሙኝ።