ሦስቴ የምትቆጥረው ናይሪ እና የኔ አንድ ቃል

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! አኒል፣ የቺዝ ጥቅል ዳቦውን ሳህኑ ላይ መልሰው፣ አይሸሽህም። አለቃ መሆንህን አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ፣ በናይሪ የጡረታ ስንብት፣ ተናጋሪው እኔ ነኝ።

ናይሪ መድኃኒት ቤታችን የገባችበትን ቀን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ያን ቀን የነበረ ሌላ የለም። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ዝናብ ነበር። የከተማችንን የኦማሩን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላዋ ተገልብጦ፣ ኮቷ ውሃ እያንጠባጠበ ገባች። እኔ ደግሞ ገና የሦስት ዓመት ሠራተኛ ሆኜ "ነባር ነኝ" ብዬ ደረቴን የነፋሁ ሰውዬ ነበርኩ። ሥራ ላሳያት ብዬ አንድ ብልቃጥ ሰጠኋት። "ሠላሳ ፍሬ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው" አልኳት። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ትሪው ላይ ዘረገፈችው! ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ "ሃያ ዘጠኝ ነው" አለችኝ።

"ሊሆን አይችልም" አልኳት።

"እንግዲያው ራስህ ቁጠረው።"

ቆጠርኩት። ሃያ ዘጠኝ ነው። ሠላሳኛዋ ከጫማዬ ሥር ተገኘች።

በመጀመሪያ ቀኗ እኮ ነው! ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ለራኤሊን "አንዲት ጉደኛ ሴትዮ ተቀጥራለች፣ ሳምንት አትቆይም" ብዬ ነገርኳት። ራኤሊን፣ እዚያ ተቀምጠሽ አትሳቂ፣ አንቺም አምነሽኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ መቁጠሯን የማያውቅ እዚህ ውስጥ ማን አለ? ክኒን ሦስቴ፣ የመሳቢያ ቁልፍ ሦስቴ፣ በገና ግብዣ ላይ የቺዝ ጥቅል እንኳ ሦስቴ። ከእጇ ያልተጣራ ነገር አይወጣም። የገዛ ወንድሟ ለደም ግፊቱ መድኃኒት የመጣ ቀን እኔ አጠገቧ ነበርኩ። "ሙሉ ስም?" አለችው። "ናይሪ፣ እኔ ነኝ እኮ!"

"ሙሉ ስም አልኩህ። የትውልድ ቀን?"

"አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው!"

"እሱን አልጠየቅኩህም" ብላ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችው። ወንድምየው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት እንደተጠራ ቆሞ ስሙንና የልደት ቀኑን ተናገረ። መድኃኒቱን ከሰጠችው በኋላ ነው "እናታችን ስንት ጊዜ በልደትህ ቀን ዋሸችኝ፣ ለማረጋገጥ ነው" ያለችው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ሁለተኛው ጸባይዋ ደግሞ፣ ይሄ እንኳ በቅርብ ዓመታት የጀመረችው ነው፣ ማለዳ መምጣቷ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከአልጋ አልወርድም በሚልበት ወራት፣ ይቺ ሴት አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመድኃኒት ቤቱን የጓሮ ክፍል ከፍታ፣ ሻዩን አፍልታ፣ ማሞቂያው ሥር ሹራብ ስትሠራ እናገኛታለን። ሱቁ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው! ማታም ከሁላችን በኋላ ነው የምትወጣው። ካቻምና የዶሮ ሥዕል ያለበት ዋንጫ ሸለምናት። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ናይሪ ሥራ ከመውደዷ የተነሳ ዶሮዎች እሷን ሰምተው ነው የሚጮኹት" ብዬ አነበብኩ። ሳቃችሁ። እሷም ሳቀች። ዋንጫውን ተቀብላ "አመሰግናለሁ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አሁን ግን ሳቁን ላቆመው ነው። ሁለት ቢራ ጠጥቻለሁ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ናይሪ፣ እንደዚያ አትዪኝ በዓይንሽ። ትናንት "አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ" ብለሽኛል፣ ሰምቻለሁ። እሺ አላልኩሽም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ለዛሬው ግብዣ የድሮ ፎቶዎች ልወስድ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት ኮት ለብሳለች። "ልትወጪ ነው እንዴ?" አልኳት። "አይ፣ ግባ" አለችኝ። ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ወንበሯ ተቀምጧል። ያ ትልቁ፣ ባለ ክንዱ፣ ባሏ ነፍሱን ይማረውና እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር። አጠገቡ መብራት፣ ሬዲዮ፣ የሹራብ ክር። ለማለፍ በጎን መሄድ ነበረብኝ።

"ናይሪ፣ ቤት እያደስሽ ነው?"

"እዚህ ነው የምቀመጠው።"

"ኮሪደር ላይ?"

"ሙቀቱ ያለው እዚህ ነው" አለች፣ ወደ ላይ ሳታይ። እኔ ግን አየሁ። ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ሂት ፓምፑ፣ ያ በኤሌክትሪክ ሙቅ አየር የሚነፋው ማሞቂያ፣ ተሰቅሏል። ሳሎን ውስጥ አይደለም፣ መኝታ ቤትም አይደለም፣ ኮሪደር ላይ! ለቧንቧው የቀረበው ግድግዳ እሱ ስለሆነ፣ ለገጠመው ሰው ስለቀለለው። የሳሎኑን በር ከፈትኩ፤ ብርዱ ፊቴን መታኝ። ወደቡን የሚያሳየው ትልቅ መስኮት አለ፣ ከሥሩ ወንበሩ ይቀመጥበት የነበረው ምንጣፍ ላይ አራት የወንበር እግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ከውጪ ያለው የማሞቂያው ሳጥን ደግሞ ፀሐይ በማይነካው በደቡቡ በኩል ተተክሏል፣ ውርጭ በጣለ ቁጥር በረዶ ይይዘውና ማሞቁን ያቆማል። "ለስንት ጊዜ?" አልኳት። "በረዶው እስኪሟሟ ነው፣ እስከ አራት ሰዓት ገደማ" አለችኝ፣ ስለ ሰው ቤት እንደምታወራ።

ሦስት ክረምት! ሥራ ወዳ አይደለም አንድ ሰዓት ሳይሞላ የምትመጣው። ልትሞቅ ነው። እኔ ደግሞ ዋንጫ ሸለምኳት።

እንግዲህ ማሞቂያውን የገጠመውን ሰው ማን መረጠላት ትሉኝ ይሆናል። እኔ ነኝ። እኔ፣ ኮሊን፣ ይሄ ፊታችሁ የቆመው ሰውዬ።

ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ካረፈ በኋላ እንጨት መፍለጥ ሲከብዳት ሂት ፓምፕ ላስገባ አለች። እንደ ጸባይዋ ሦስት ሰው ጠየቀች። መጀመሪያ የመጣው ማናሴ ነው፣ የወደብ መንገዱ፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣው፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግማሽ ቀን ፈጀ። እያንዳንዱን ክፍል ለካ፣ መስኮት ቆጠረ፣ ጣሪያው ውስጥ ብርድ መከላከያ መነጠፉን ወጥቶ አየ፣ ከወለሉ ሥር በደረቱ ተስቦ ገብቶ የሸረሪት ድር ለብሶ ወጣ። በመጨረሻ "እማማ፣ ማታ ማታ የት ነው የሚቀመጡት?" አላት። በማግስቱ ይህንን ሁሉ እየሳቀች ነገረችኝ። "የት ትቀመጫለሽ ይለኛል፣ ፖሊስ ይመስል!" አለችኝ። ግን ደስ ብሏት ነበር። ሁለተኛው ዳሪል ነው፣ የራኤሊን ወንድም። ዳሪል ቤቷን ሳያይ፣ ከመኪናው ሳይወርድ፣ በስልክ ዋጋ ነገራት። ሦስተኛው ሐሙስ ሊመጣ ነበር።

ያን ዕለት በጓሮው ክፍል ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ? እኔ አልረሳሁትም። "ሦስተኛ ምን ያደርግልሻል? ዳሪል የኛ ሰው ነው። እኔ አለሁ አይደል?" አልኩሽ። ዋጋዎቹን የጻፍሽባቸውን ወረቀቶች ይዘሽ ነበር። ከዚያ አጣጠፍሻቸውና "አንተ ካልክ እሺ" አልሽኝ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ሦስቴ ሳትቆጥሪ ያለፍሽው አንድ ነገር ቢኖር የኔ ቃል ነው።

የባሰውን ልንገራችሁ። ራኤሊን፣ ይቅር በይኝ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዳሪል የዚያን ዓመት ለኛም ቤት ላስገባላችሁ ብሎ ነበር። "አይ፣ ምድጃችን ይበቃናል፣ እኔ የእንጨት እሳት ነው የምወደው" አልኩት። ውሸቴን ነው። ሥራው ችኮላ እንደሚበዛበት አውቅ ነበር። ለራሴ ቤት አላመንኩትም፣ ላንቺ ቤት ግን አፌን ሞልቼ ዋስ ሆንኩት። ሥራ ፈቶ ነበር፣ እህቱ ተጨንቃ ነበር፣ እኔም በሰው ቤት ደግ መሆን ቀለለኝ። ይኸው ነው። ያን እሑድ ያ ኮሪደር ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? ገና በመጣ ቁጥር ከዳሪል ጋር አንድ ማዕድ ነው የምትቀርበው።"

"እሺ፣ ማናሴን ለምን አልጠራሽውም?"

"ኧረ አንተ ደግሞ! የማናሴ መኪና ደጄ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆም እስከ ምሳ ሰዓት ከተማው በሙሉ ያውቃል። ዳሪል ያፍራል። አንተም ታፍራለህ። እኔ ኮት አለኝ" አለችኝ።

እኔ ኮት አለኝ! ሰማችሁ? እኔን ከማሳፈር ሦስት ክረምት መብረድ መረጠች። በዓለም ላይ ያን ያህል ዋጋ የሚያወጣ ፊት የለኝም እኮ፣ ፊቴን አይታችሁታል።

ዳሪል ጋ ሄድኩ። ጮኸብኝ፣ ጮኽኩበት። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለ። "ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች ነው ያልከኝ?" አለ። አዎ አልኩት። "የሰቀልኩትን እኔ ራሴ መጥቼ አወርደዋለሁ" አለኝ። ዛሬ ያልመጣው አፍሮ ነው፣ ግን ይህንን እንድነግርሽ ልኮኛል። ስለ ወጪው አታንሺ፣ እሱ የኔና የዳሪል ጉዳይ ነው። ከዚያ ማናሴ ጋ ሄጄ በቃ ግባና ሥራላት አልኩት። እምቢ አለኝ። "ቤቱ የሷ ነው። እሷ ራሷ ትጥራኝ" አለ። ልክ ነው። እኔ ላንቺ የመምረጥ መብቴን የዛሬ ሦስት ዓመት ጨርሻለሁ።

ግን ሰኞ ሰኔ ይገባል። ሰኞ ደግሞ የጓሮው ክፍል፣ ማሞቂያው፣ ሻዩ የለሽም። ቀኑን ሙሉ እዚያ ኮሪደር ላይ ልትውዪ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

"ኮሊን፣ ይበቃል፣ ቁጭ በል!" አለች፣ ሰማችኋት? አልቀመጥም፣ ናይሪ። ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሃያ አራት ዓመት አመሰግንሻለሁ። በስህተቴ ሰው እንዳይጎዳ ስንቱን ብልቃጥ ከእጄ ላይ መልሰሻል፣ ለአንድም አለቃ ሳትናገሪ። እናቴ በታመመች ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜዬን ሠርተሽልኛል። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ የከፈልኩሽ ኮሪደር ነው። ይቅር በይኝ። በሰው ሁሉ ፊት ነው የምልሽ፤ ብቻችንን ሆነን ብልሽ "ተወው፣ ምንም አይደል" ብለሽ እንደምታሳልፊው አውቃለሁ።

ከተማው እንዳያውቅ ብለሽ ነው የበረደሽ አይደል? ይኸው፣ ከተማው አወቀ! ሙሉው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ያልመጣው እስከ ነገ ምሳ ይሰማል። ከእንግዲህ የምትሸፍኚው የኔ ፊት የለም። የማናሴ መኪና በቀን፣ በፀሐይ፣ ደጅሽ ላይ እስከፈለገ ይቁም። ካልፈለግሽ ሌላ ጥሪ፣ ሦስት ሰው ጥሪ፣ ሦስቴ ቁጠሪ። እኔ አፌን ዘግቻለሁ።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። አኒል፣ አንተም።

ናይሪ፣ ሰኞ ጠዋት ዶሮው ብቻውን ይጩህ፣ አንቺ እስከ ሦስት ሰዓት ተኚ። ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። የሹራብሽ ክር አይለቅብሽ። ዋንጫውን መልሽልኝ፣ የኔ ነው የሚገባው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳፍረኝ። ያ ሰው መጥቶ "እማማ፣ ማታ ማታ የት ነው የሚቀመጡት?" ሲልሽ ደግሞ ኮሪደሩን አትጥሪለት። "መስኮቱ ጋ" በይው።

ለናይሪ! መስኮቱ ጋ!