የኤርካሎ መጋዝና የታጠፉት ጣቶች

አቶ ኤርካሎ መዳፋቸውን ለሰው ከሰጡ ዓመታት አልፈዋል። እጁ የረጠበ ወይም የቆሸሸ ሰው እንደሚያደርገው አንጓቸውን ብቻ ይዘረጉና «ይቅርታ፣ ኮላ ነክቶኛል» ይላሉ። አናጢ ናቸውና ሰው አይጠረጥርም። ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባለው ዓመት፣ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የማሽን መሸጫ በገቡበት ዕለት ግን የለበሱት የእሁድ ኮታቸውን ነበር። ሸሚዛቸው ነጭ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ማሽን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ተከብሮ ይሂድ ባይ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ልብስ ላይ ኮላ ከየት ይመጣል?

«ሳሮ ጋሼ፣ አላወቁኝም? የሳህሊቱ ልጅ ኤልሳዕ ነኝ» አለ አንድ ጎልማሳ ከመደርደሪያው ወዲያ ብቅ ብሎ፣ በወላይትኛ ሰላምታ እየሰጠ።

«እጄ ኮላ ነክቶታል» አሉ አንጓቸውን እየዘረጉ። ቃሉ ከአፋቸው ሳይወጣ ጆሯቸው ድረስ እፍረት አቃጠላቸው።

ኤልሳዕ ኮቱንም ጫማውንም አየ፤ ግን ያደገበት ጨዋነት ነውና ምንም ሳይል አንጓቸውን በሁለት እጁ ተቀበለ። የጎረቤታቸው ልጅ ነው። ልጅ ሳለ ከግቢያቸው ለምድጃ የሚሆን ሰጋቱራ ይለቅም ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ የእንጨት ሥራ ተማረ፤ ዘንድሮ ሶዶ ተመድቦ በሙያ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

«መጋዝ ሊገዙ ነው?»

«አሮጌው ሞተሩ ተቃጠለብኝ። የትምህርት ቤት ዴስክ ሥራ ተቀብያለሁ፤ በእጅ መጋዝ አይዘለቅም። ይኼንን መርጫለሁ» ብለው ትልቁን ባለ ጠረጴዛ መጋዝ በግራ እጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ባለሱቁ አስነስቶ አሰምቶኛል። ድምፁ መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። ጥርሱም ፊት ለፊት ይታያል፣ ክዳን ምናምን የለበትም። ደንበኛ ስለቱን ሲያይ ነው የሚያምነው።»

«ጋሼ፣ እንጨት የሚቆርጠው ድምፁ አይደለም። ለመሆኑ ቤትዎ የገባው መብራት ባለ ስንት መስመር ነው?»

«እንደ ሰዉ ሁሉ ነዋ። አምፖል የሚያበራው።»

«ይህ ሞተር ሦስት መስመር ይፈልጋል። ቤት ቢያደርሱት ጨርቅ አልብሰው ከማስቀመጥ በቀር ምን ያደርግልዎታል?»

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጓዳ ገባ። ኤልሳዕ የብረት ማስመሪያ አንሥቶ በትልቁ ማሽን ጠረጴዛ ላይ በጠርዙ አቆመው፤ ከሥሩ ብርሃን ታየ። ጠረጴዛው ጎብጧል። ክቡን መጋዝ በጣቱ ቀስ አድርጎ ቢያሽከረክረው ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል። ከዚያ ማስመሪያውን ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ትንሹ መጋዝ ወሰደው። ጠረጴዛው ልክ ነው። እንጨቱን የሚመራው ብረት ሲጠብቅ ከፊትም ከኋላም ቀጥ ብሎ ይይዛል። ከመጋዙ ኋላ ስስ ብረት ቆሞለታል፤ ከላዩም መከለያ አለው፤ ሞተሩም በቤት መብራት ይሠራል።

«ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት ይባል የለ? ማሽንም እንደዚያው ተመርምሮ ነው። በግርማው የተመረጠ ማሽን በግርማው ያስለቅሳል» አለ።

አቶ ኤርካሎ ግትር ቢሆኑም ብርሃኑን በዓይናቸው አይተዋልና ትንሹን ገዙ። ሲወጡ ግን «ክዳኑን ቤት ስደርስ አወልቀዋለሁ» አሉ።

ይህ የመንደሩ አናጢዎች ልማድ ነው። ማሽን በተገዛ ዕለት መከለያው ይወልቃል፤ ክዳን የፈሪ ነው፣ ክዳን ደንበኛ ያሸሻል ይባላል። ልማዱን ማን ጀመረው ቢባል ራሳቸው አቶ ኤርካሎ ናቸው። የአሮጌው መጋዝ ክዳን ዛሬ በባለቤታቸው በወይዘሮ ሣራ ጓሮ ተገልብጦ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኗል። ይህን ያህል አዋቂ ነኝ የሚል ሰው የጀመረውን ሞኝነት ለማስተው ከባድ ነው፤ ተከታይ አፍርቶበታላ።

ማሽኑ በጋሪ በመጣ ዕለት ኤልሳዕ ሊያግዝ መጣ። አቶ ኤርካሎ የሥራ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በቀኝ እጃቸው ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቀው ጠበቁት። ሴት ልጃቸው ማክዳም አለች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ከአባቷ ጋር የምትሠራ፣ መላጊያ ስትይዝ እጇ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ናት። አዲሱን መጋዝ የምትይዘው እሷ እንደሆነች አባቷ ቃል ገብተውላታል።

«በሩ ላይ እናቁመው። ጣውላ ከመንገድ በቀጥታ ይገባል፤ መንገደኛውም ከኋላዬ ቆሞ ያያል» አሉ አባት።

«ጋሼ፣ እኛ ሰላምታ ወዳድ ሰዎች ነን። አንዱ ከኋላዎ መጥቶ ሳሮ ብሎ ትከሻዎን ቢነካ፣ እጅዎ ያኔ የት ነው?»

አቶ ኤርካሎ ዞር ብለው መንገዱን አዩ።

«መሬቱም አፈር ነው» አለ ኤልሳዕ። « ክረምት ሲገባ አንዱ እግር ይሰምጣል፤ ጠረጴዛው ሲያዘነብል እንጨቱ መጋዙን ነክሶ ይይዛል። ያ ጣውላ የቆለሉበት ሲሚንቶ ወለል አለ አይደል? ጣውላውን ወደ በሩ፣ ማሽኑን ወደ ሲሚንቶው። ከፊቱም ከኋላውም ረጅም ጣውላ የሚያልፍበት ቦታ ይተው። ማጥፊያው ጉልበትዎ የሚደርስበት ይሁን፤ እጅዎ ሲያዝ እጅዎን አይጠብቅ።»

ማጉረምረም ሳይቀር ሁሉም ተሠራ። ኤልሳዕ ውኃ ልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ ከእግሮቹ ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ እያስገባ አስተካከለ፤ የመጋዙንም ጥርስ ከእንጨቱ ትንሽ ብቻ ከፍ እንዲል ዝቅ አደረገው። አቶ ኤርካሎ የብሎን ቁልፍ ይዘው መከለያውን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ።

«እሱን ይተዉት እባክዎ። ጓንቱንም ያውልቁ። መጋዝ የጓንት ጫፍ ከያዘ እጅን ጎትቶ ነው የሚወስደው።»

የአቶ ኤርካሎ ፊት ተለወጠ። የጓንቱ ሁለት ጣቶች ውስጥ ያለው ጥጥ እንደሆነ የሚያውቁት ከቤተሰባቸው ሌላ ጥቂት ሰዎች ናቸው። «በቤቴ ልብስ ታስወልቀኛለህ? አንተ ሰጋቱራ ስትለቅም እኔ እዚህ ቆሜ እቆርጥ ነበር። ክዳንህ ለተማሪ ነው። ማክዳ፣ ነይ አሳዪው። እሷን ያስተማርኳት ያለ ክዳን ነው።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ታሳየኝ» አለ ኤልሳዕ በእርጋታ።

ማክዳ ጣውላውን አስተኛች። ቀኝ እጇን ከላዩ አሳረፈች። ትንሿን ጣቷንና ከጎኗ ያለችውን ወደ መዳፏ አጥፋ፣ በሦስቱ ብቻ ይዛ ገፋች።

«ሁለቱን ጣቶችሽን ለምን አጠፍሻቸው?»

ማክዳ እጇን ባዲስ ዓይን አየችው። «እኔ እንጃ። እንዲህ ነው የሚያዘው። አባባም እንዲህ ነው የሚይዘው።»

ከአቶ ኤርካሎ እጅ ቁልፉ ወደቀ። ልጃቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያን እጅ ስታይ ኖራለች። እሳቸው የሸሸጉትን ጉድለት እሷ እንደ ሙያ ተምራዋለች። ሙሉ አምስት ጣት ይዛ በሦስት ትገፋለች። አንድ ቀን እንጨቱ ሲዘልባት እነዚያ ሁለቱ ታጥፈው እንኳ አያመልጡም። ምድር ብትከፈት ገብተው በተደበቁ ነበር።

ጓንቱን በጥርሳቸው ጎትተው አወለቁት። ጥጡ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አባባ፣ ይሄን ማሳየት አያስፈልግም። መጥረቢያ ነው እኮ፣ ኤልሳዕ። ሁምቦ ሄዶ ዛፍ ሲቆርጥ ነው» አለች ማክዳ ልትሸፍንላቸው።

«መጥረቢያ አልነበረም፤ መጋዝ ነው።» ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። «በገዛሁት ሳምንት ክዳኑን አወለቅሁ፤ ያችን ስስ ብረት ጭምር። ጣውላው ከኋላ ገጥሞ መጋዙን ቆነጠጠውና ወደ እኔ ዘለለ፤ እጄ ክዳን በሌለው ጥርስ ላይ ወደቀ። መንደሩ ሁሉ ክዳን የፈሪ ነው ስል ሰምቶኝ ነበር። ምን ልበል? ሁምቦ ነበርኩ፣ መጥረቢያ ነው አልኩ።»

ማክዳ እጇን ከጣውላው ላይ አነሣች። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ከጉኑኖ መጥቶ እኔ ዘንድ የተማረው ጦና አውራ ጣቱን ባጣ ጊዜ ልጠይቀው ሄድኩ። ክዳን ማውለቅን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት ‹መጋዝ ሰነፍ አይወድም፣ ጥንቃቄ አንሶህ ነው› አልኩት። ይህ እጄ ያኔ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሱ እያለቀሰ ‹እውነት ነው ጋሼ› አለኝ። ጣቴን ከማጣቴ ይልቅ ያቺ ቃል ናት እንቅልፍ የምትነሣኝ።»

ኤልሳዕ ጥጡን ከወለሉ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች። እርስዎ ዛሬ ገለጡት። እንግዲህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ጋሼ። ስስ ብረቷ እንጨቱ እንዳይገጥም ትከፍተዋለች። ክዳኑ እጅ ሲስት ይመልሰዋል። ጥርሱ አጠገብ የሚደርሰው ይህ መግፊያ እንጨት ነው፤ ቢቆረጥ ሌላ ይጠረባል። ቆራጩም ከመጋዙ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ይቆማል። ይኼ ፍርሃት አይደለም። ሙያውን ለነገ ማቆየት ነው።»

«ደንበኛውስ? ስለቱን ካላየ?» አሉ አቶ ኤርካሎ፤ ክርክሩ ግን ከልባቸው አልነበረም።

«ደንበኛው ዴስኩን ይይ፣ አባባ» አለች ማክዳ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ተቆጥታም ነበር። «መጥረቢያ ነው ብዬ ለስንት ሰው ነግሬልሃለሁ።»

አቶ ኤርካሎ ጎንበስ አሉ። ቁልፉን አንሥተው የላላውን የመከለያውን ብሎን መልሰው አጠበቁት። ከዚያ ወደ ጓሮ ሄዱ። ወይዘሮ ሣራ «ዶሮዎቹ ምን አደረጉህ?» እያሉ ሲያዩዋቸው ውኃውን ደፍተው አሮጌውን ክዳን አጠቡና መንገደኛ በሚያየው በበሩ መቃን ላይ ሰቀሉት። ይህ ምንድነው ለሚል ሁሉ ባዶ እጃቸውን አሳይተው ይናገራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ጠያቂ እንደ እሳት ይለበልባቸው ነበር፤ ግን አንዱንም አልዋሹም።

ጉኑኖም ሄዱ። ጦና በሩ ላይ ተቀብሏቸው አንጓቸውን ሊይዝ ሲል መዳፋቸውን ሰጡት። ሦስት ጣት አራት ጣት ጨበጠ። እውነቱን ሲነግሩት ይቅር ማለቱን ወዲያው አልተናገረም፤ እጃቸውን አገላብጦ አየና «ይግቡ» አላቸው።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይኸው ነው። ያች የሸፈኗት እፍረት በልጃቸው እጅ በቅላ ተገኘች። ማሽኑን መርምሮ መግዛት፣ በጠና ወለል ላይ ማቆም፣ ክዳኑን አለማውለቅ ያተረፈላቸውን ደግሞ ሥራው ራሱ ይናገራል። ዴስኮቹ በቀናቸው ደረሱ፤ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ በመሆኑ መላጊያ እምብዛም አልፈለጉም፤ ጣውላ መባከኑ ቀነሰ፤ ደም የነካው አንድም አልነበረም። በመንገዱ ላይ ካሉት አናጢዎችም ከቆሻሻ ክምር ውስጥ ክዳናቸውን ሲፈልጉ የታዩ አሉ። እየሳቁ ነበር የሚፈልጉት፤ ይሳቁ፣ ብቻ ያግኙት።

ማክዳ ዛሬ በመግፊያው እንጨት ትሠራለች። ክዳኑም ስስ ብረቷም በቦታቸው ናቸው። ግን ልማድ ከሥር ነውና ሐሳቧ ሲሄድ ሁለቱ ጣቶቿ ራሳቸው ይታጠፋሉ። ያኔ አቶ ኤርካሎ ሞተሩን በጉልበታቸው ያጠፋሉ፤ ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃሉ። ከዚያ ጓንት በሌለው እጃቸው የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያቃኑላታል።

«ዘርጊያቸው ልጄ» ይሏታል። «አንቺ እኮ አሉሽ።»